በሌላ ስም ዓለምን የዞረው ጄሊፊሽ

ባለፈው ሰሞን የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። ርዕሱ "ሞት የማያውቀው ጄሊፊሽ" ይላል። ከታች ሳይንሳዊ ስሙ ተጽፏል፦ ቱሪቶፕሲስ ኑትሪኩላ። ቀጥሎ ደግሞ "በዓለም ባሕሮች ሁሉ የሚገኝ" የሚል መስመር አለ። "እውነት ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ።

አለመሞቱ፣ ትንሽ ማብራሪያ ቢፈልግም፣ መሠረት አለው። ስሙ ግን የእሱ አይደለም፤ የዘመዱ ነው። የእሱ ስም ቱሪቶፕሲስ ዶርኒይ ነው። "በሁሉም ባሕር ይገኛል" የሚለውም ከዚሁ ከስሙ ስህተት የተወለደ ነው። መልሱን በድምፅ ልልክላት ጀመርኩ። አምስት ደቂቃ ሞላኝ፤ ገና ከመግቢያው አልወጣሁም። ተውኩትና ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ይህን ያህል የምጨነቀው ለስሙ ብቻ ብዬ አይደለም። የአንድን ፍጡር ማንነት ካላወቅን የት እንደሚኖር ማወቅ አንችልም። የት እንደሚኖር ካላወቅን ደግሞ አዲስ ቦታ ሲገባ አናየውም። ይህ ትንሽ ጄሊፊሽ ከወደብ ወደ ወደብ እየተሻገረ ብዙ ባሕር ገብቷል። "አንተ ማን ነህ?" ያለው ሰው ግን አልነበረም፤ ምክንያቱም በሌላ ስም ነበር የሚጠራው። (ቀኑንም ዓመቱንም በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የጤፍ ፍሬ የሚያክል

መጀመሪያ በቅርብ እንየው። ገና ወደ ውሃው ሲለቀቅ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የጤፍ ፍሬ በሉት። አድጎ ሲጨርስ አራት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል፤ ምስር ያክላል። አካሉ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ውሃ የመሰለ ደወል ነው። በደወሉ መሃል ሆዱ ተንጠልጥሏል፤ ደማቅ ቀይ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብርጭቆ ውስጥ የተቀመጠች የበርበሬ ፍንካች ይመስላል። ከደወሉ ጠርዝ ቀጫጭን ክሮች ወደ ታች ይወርዳሉ። እነሱ እጆቹ ናቸው። በእጆቹ ላይ ተናዳፊ ህዋሳት ተደርድረዋል። የሚያልፉ ጥቃቅን እንስሳትን በእነሱ ይነድፍና ወደ አፉ ይስባቸዋል።

ይህ ግን የሕይወቱ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ጄሊፊሽ አይመስልም፤ ተክል ነው የሚመስለው። ወንዱና ሴቷ ጄሊፊሽ ሲዋለዱ ትንሽ እጭ ትፈጠራለች። እጯ ጥቂት ትዋኝና ድንጋይ፣ ዛጎል፣ የወደብ ምሰሶ ወይም የመርከብ ሆድ ላይ ትጣበቃለች። እዚያ ሥር የመሰለ ነገር ትዘረጋለች። ከሥሩ ቅርንጫፍ ይወጣል፤ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ አፍና እጆች ያሉት ራስ ይበቅላል። ፖሊፕ የሚባለው ይህ ራስ ነው። ፖሊፖቹ በአንድ ሥር ተያይዘው፣ አንዱ የበላውን ሌላው እየተካፈለ አብረው ይኖራሉ። ይህ ተጣብቆ የሚኖረው ስብስብ ሃይድሮይድ ይባላል። ውሃው ሲሞቅ ከፖሊፖቹ ጎን እምቡጥ ያወጣል። እምቡጡ ሲፈካ ጄሊፊሽ ሆኖ ይገነጠልና ይዋኛል።

ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ የተማረ ሰው ሃይድራን ያስታውሳል። እጆቹን እንደ ዘንባባ ዘርግቶ ደብተራችን ላይ የሳልነው ያ ቀጭን እንስሳ የዚህ ዘመድ ነው። ልዩነቱ፣ ሃይድራ ጨው በሌለው ውሃ ይኖራል፤ የጄሊፊሽነቱን ዕድሜ ደግሞ ጭራሽ ትቶታል።

ምደባውን ከላይ ወደ ታች ካየነው፣ መጀመሪያ ናይዳሪያ የሚባለው ትልቅ ክፍል አለ። ተናዳፊ ህዋስ ያላቸው ሁሉ፣ ኮራልን ጨምሮ፣ እዚያ ይገባሉ። ከዚያ ሃይድሮዞዋ ይመጣል፤ ከ3,700 በላይ ዝርያዎች አሉት። ከዚያ አንቶአቴካታ፤ ፖሊፖቻቸው ሲደነግጡ የሚሸሸጉበት ጽዋ የሌላቸው ማለት ነው። ከዚያ ኦሴያኒዴ የሚባለው ቤተሰብ። ከዚያ ቱሪቶፕሲስ የሚባለው ወገን። የዛሬው ጉዳያችን የሚጀምረው ከዚህ በታች ባለችው የመጨረሻ ደረጃ ላይ ነው፤ ዝርያው ላይ።

የቤት ስምና የክርስትና ስም

በእኛ አገር አንድ ሰው ሁለት ስም ቢኖረው ማንም አይደነቅም። ሰፈር በቤት ስሙ ይጠራዋል፣ ቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሙ። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ከሌለ ግን መዝገብ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ሃይድሮይዶች ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጄሊፊሽ የሚያጠናው ሰው መረቡን ይዞ ጀልባ ላይ ይወጣል። ሃይድሮይድ የሚያጠናው ደግሞ ድንጋይና ምሰሶ ሲፍቅ ይውላል። አንዱ ለዋናተኛው ስም ያወጣል፣ ሌላው ለተጣባቂው። ዴንማርካዊው ያፔቱስ ስቴንስትሩፕ ትውልዶቹ እንደሚፈራረቁ በ1842 አስረድቶ ነበር። ልጅ እናቱን ሳይሆን አያቱን ይመስላል ነው ነገሩ። የትኛው ጄሊፊሽ ከየትኛው ሃይድሮይድ እንደሚወጣ ማዛመድ ግን ሌላ ልፋት ነው። ሃይድሮይዱን በሕይወት አቆይቶ፣ እየመገቡ፣ እምቡጡ እስኪፈካ መጠበቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት አንዱ ፍጡር በሁለት መዝገብ ላይ ተቀመጠ።

የቱሪቶፕሲስ ታሪክ በ1857 ይጀምራል። አሜሪካዊው ጆን መክሬዲ በሳውዝ ካሮላይና፣ በቻርልስተን ወደብ፣ አንድ ትንሽ ጄሊፊሽ አገኘ። ደወሉ ውስጥ ጥቃቅን ልጆች ተንጠልጥለዋል። መክሬዲ የራሱ ልጆች መሰሉት። ልጆቿን በጉያዋ ይዛ የምታሳድግ እናት ያየ መሰለው። ኑትሪኩላ ያላትም ለዚህ ነው፤ በላቲን ሞግዚት እንደማለት ነው። በኋላ ሲጣራ ልጆቹ የሌላ ነበሩ። ኩኒና የሚባል የሌላ ጄሊፊሽ እጮች ናቸው፤ የሰው ቤት ገብተው የሚበሉ ጥገኞች። ስሙ ግን ቀረ።

"ስምን መልአክ ያወጣዋል" እንላለን። የሳይንስ ስም ግን ሰው ነው የሚያወጣው፣ በዚያች ቀን ባየው ልክ። በሥነ እንስሳት የስያሜ ሕግ ደግሞ ቀድሞ በትክክል የታተመ ስም ይጸናል፤ ትርጉሙ የተሳሳተ ሆኖ ቢገኝ እንኳ አይለወጥም።

ሃያ ስድስት ዓመት እንለፍ። ቦታው ኔፕልስ ነው፣ ጣልያን። ጀርመናዊው አንቶን ዶርን በ1872 እዚያ የባሕር ምርምር ጣቢያ መሥርቶ ነበር። የተለያዩ አገሮች በጣቢያው ጠረጴዛ ይከራዩና ተመራማሪ ይልካሉ። ጠዋት ዓሣ አጥማጆች ከባሕር ያወጡት ነገር በሕይወቱ ጠረጴዛህ ላይ ይቀርብልሃል። ከሥራ ቦታዎች ሁሉ ይህን ያህል የምቀናበት ያለ አይመስለኝም። ከኔፕልስ ባሕር በተገኘ አንድ ሃይድሮይድ ላይ የሠራው ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ አውጉስት ቫይስማን፣ በ1883 ፍጡሩን ዴንድሮክላቫ ዶርኒይ ብሎ ሰየመው፤ ለጣቢያው መሥራች መታሰቢያ። ልብ በሉ፤ መክሬዲ የሰየመው ዋናተኛውን ነበር፣ ቫይስማን የሰየመው ተጣባቂውን። ስለዚህ የወገን ስሙም ሌላ ሆነ። ዴንድሮክላቫ የተባለው ከቱሪቶፕሲስ ወገን መሆኑ የተለየው ኋላ ነው። ዛሬ ሙሉ ስሙን በመዝገብ ስታዩ "ቱሪቶፕሲስ ዶርኒይ (ቫይስማን፣ 1883)" ይላል። ቅንፉ ጌጥ አይደለም። "ስሙን ያወጣው ቫይስማን ነው፤ ግን መጀመሪያ ሌላ ወገን ውስጥ ነበር ያስቀመጠው" ማለት ነው። የአንድ መቶ ዓመት ክርክር በሁለት ቅንፍ ታስሮ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ሳልናገረው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ቫይስማን ሃይድሮይዶችን ያጠና የነበረው ስለ ሞትና ስለ ዘር ሲመራመር ነው። ሰውነታችን በሁለት ዓይነት ህዋሳት የተሠራ ነው ይል ነበር። አንደኛው የዘር ህዋስ ነው፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። ሌላው የቀረው አካላችን ነው፤ ያረጃል፣ ይሞታል። የዘር ህዋሳት ከየት እንደሚነሱ ለማየት የመረጠው ሃይድሮይዶችን ነበር። አካሉ ካረጀ በኋላ መልሶ ልጅ የሚሆነው ፍጡር ያኔ እጁ ላይ ነበር። ስሙን ያወጣለትም እሱ ነው። ይህ ጠባዩ የታወቀው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ገጹን ዘግቼ ትንሽ እቀመጣለሁ።

ሁሉን በአንድ ከረጢት

ከዚያ ስሞች በረከቱ። በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ያለው ፖሊሲራ ተባለ፣ በ1862። የኒው ዚላንዱ በ1895 ሩብራ ተባለ፤ ቀይ ማለት ነው። ከሌሎች ባሕሮችም እየመጡ ስም ያገኙ አሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የዓለምን ጄሊፊሾች በአንድ መዝገብ ለማሰባሰብ የተቀመጡ ሊቃውንት ይህን ክምር ሲያዩ ግራ ተጋቡ። ልዩነት የተባለው በዋናነት የእጆች ብዛት፣ የደወሉ መጠን፣ የሆዱ ቅርፅ ነው። እነዚህ ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይለዋወጣሉ። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ሲቆይ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይጠፋል። ከሁለት ዕቃ ውስጥ ሁለት የተኮማተሩ ነጫጭ ጠብታዎች አውጥቶ "እነዚህ የተለያዩ ናቸው" ብሎ መማል ከባድ ነው።

ስለዚህ ብዙዎቹን አንድ አደረጓቸው። ቀዳሚው ስም ኑትሪኩላ ስለነበር ሌሎቹ እሱ ውስጥ ገቡ። ቱሪቶፕሲስ ኑትሪኩላ ከአሜሪካ እስከ ሜዲትራኒያን፣ ከጃፓን እስከ ኒው ዚላንድ የሚኖር አንድ ዝርያ ሆነ። ቪዲዮው ላይ ያለው "በዓለም ባሕሮች ሁሉ" የሚለው መስመር ከዚህ ነው የመጣው።

ሊቃውንቱን አልወቅስም። በነበራቸው መሣሪያ ምክንያታዊ ውሳኔ ነበር። ውጤቱ ግን ከባድ ነው። "በሁሉም ቦታ አለ" የተባለ ዝርያ በየትኛውም ቦታ እንግዳ ሊሆን አይችልም። አዲስ ወደብ ላይ ሲገኝ አጥኚው መዝገቡን ያያል፣ "አዎ፣ የታወቀ ነው" ይላል፣ ያልፋል። እምቦጭ ጣና ላይ ሲገባ ዓሣ አጥማጁም ገበሬውም በዓይኑ አይቶታል። ጀልባውን አስሮበታል፣ ሐይቁን አልብሶታል። ምስር የሚያክል ብርሃን አሳላፊ እንስሳ ግን ጀልባ አያስርም። እሱን ማየት የሚችለው ስሙን በትክክል የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ጄሊፊሹን ዝነኛ ያደረገው ግኝት የመጣውም በዚሁ ስም ነው። በ1988 በጣልያን ሪቪዬራ፣ ራፓሎ አካባቢ፣ ክርስቲያን ሶመር የሚባል ጀርመናዊ ተማሪ ሃይድሮይዶችን ሰብስቦ ጄሊፊሾቹን በትናንሽ የመስታወት ሳህኖች ውስጥ ያኖራቸዋል። መዋለድ የነበረባቸው ጄሊፊሾች ወደ ኋላ ተመለሱ። ደወሉ ተገለበጠ። እጆቹ ወደ ውስጥ ተሰበሰቡ። መዋኘት ተዉና ወደ ሳህኑ ወለል ወረዱ። ድቡልቡል የሥጋ ጠብታ ሆኑ። ጠብታው ላይ ሥር በቀለ፣ ከሥሩ ላይ ፖሊፕ ወጣ። ቢራቢሮ ተመልሳ አባጨጓሬ ስትሆን እንደማየት ነው። ሶመር ከጆርጆ ባቬስትሬሎና ከሚኬሌ ሳራ ጋር ጽሑፉን በ1992 አወጡ። በ1996 ስቴፋኖ ፒራይኖና ባልደረቦቹ በዝርዝር አጠኑት። ረሃብ፣ ጉዳት ወይም የሙቀት ለውጥ ሲያጋጥማቸው፣ አለዚያም ሲያረጁ፣ ጄሊፊሾቹ ወደ ፖሊፕነት እንደሚመለሱ አሳዩ። አንድ ሥራ የነበረው ህዋስ ሥራውን ጥሎ ሌላ ዓይነት ህዋስ ይሆናል። በጃፓን ደግሞ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ሺን ኩቦታ አንዱን ስብስብ በሁለት ዓመት ውስጥ አሥር ጊዜ እንዲመለስ አድርጓል።

እዚህ ላይ ለአክስቴ ልጅ የገባሁትን ማብራሪያ ልስጥ። "አይሞትም" ማለት አይገደልም ማለት አይደለም። ዓሣ ይበላዋል፣ በሽታ ይገድለዋል። እርጅና ብቻውን ግን መጨረሻው አይደለም፤ መመለሻ መንገድ አለው።

የ1992ቱም የ1996ቱም ጽሑፍ ርዕስ ላይ የተጻፈው ቱሪቶፕሲስ ኑትሪኩላ ነው። በጊዜው በነበረው ምደባ ትክክል ነበር። ጋዜጦች ከዚያ ወሰዱት፣ ድረ ገጾች ከጋዜጦች፣ ቴሌግራም ከድረ ገጾች። የቻርልስተኗ ሞግዚት ያልሠራችው ሥራ በስሟ ተጻፈላት።

ከረጢቱን የፈታው ፔተር ሹኸርት ነው፤ በጄኔቫ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሃይድሮይድ ሊቅ። በ2004 የአውሮፓን ዝርያዎች እንደገና መርምሮ፣ የሜዲትራኒያኑ የራሱ ዝርያ ነው አለ። ስሙም ቫይስማን ያወጣለት ዶርኒይ ነው። በ2007 ደግሞ ማሪያ ፒያ ሚሊየታ፣ ፒራይኖ፣ ኩቦታና ሹኸርት አብረው ዲኤንኤውን አዩ። 16ኤስ የሚባለውን የማይቶኮንድሪያ ዘረ-መል ከተለያዩ ባሕሮች ናሙና አወዳደሩ። አንድ ነው የተባለው ብዙ ሆኖ ተገኘ። ሜዲትራኒያን ላይ የሚመለሰው ዶርኒይ ነው። የኒው ዚላንዱ ሩብራ ነው። ኑትሪኩላ ወደ አሜሪካ አትላንቲክ ጠረፉ ተመለሰ።

ዝምተኛው ጉዞ

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ መጨረሻ ነበር። እያንዳንዱ ባሕር የራሱ ዝርያ አለው፣ ስሙም ተመለሰለት። ግን ሌላ ነገር ብቅ አለ። ስሞቹ ከተለዩ በኋላ አንደኛው ከቦታው ውጭ መገኘት ጀመረ።

ሚሊየታ በፓናማ ከስሚዝሶኒያን የሐሩር ክልል ምርምር ተቋሙ ሃሪላኦስ ሌሲዮስ ጋር ሆና በ2009 ያወጣችው ጽሑፍ ይህን "ዝምተኛ ወረራ" ብሎታል። ዶርኒይ ጣልያንና ስፔን ብቻ አልነበረም። ጃፓን አለ። ፍሎሪዳ አለ። ፓናማ ላይ በአትላንቲክም በፓስፊክም በኩል አለ። ዋናው ማስረጃ ደግሞ መገኘቱ ብቻ አይደለም። ከእነዚህ ሩቅ ለሩቅ ቦታዎች የተወሰዱ ናሙናዎች በዚያ ዘረ-መል ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለት ሕዝብ ለብዙ ሺህ ዓመታት በውቅያኖስ ተለያይቶ ቢኖር ኖሮ ፊደሎቹ በየፊናቸው ይለወጡ ነበር። አልተለወጡም። የመጡት በቅርቡ ነው፤ በመርከብ።

አሁን የእጆቹን ነገር ልንገራችሁ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሳበኝ እሱ ነው። ከፓናማ የተያዙት ጄሊፊሾች አድገውም እጃቸው ስምንት ነው። ቀዝቀዝ ባለው ሜዲትራኒያንና ጃፓን ግን ሃያ አራትና ከዚያ በላይ ያወጣሉ። በድሮው አሠራር፣ ቆጥረህ የምትመድብ ከሆነ፣ ያለ ጥርጥር ሁለት ዝርያ ነው የምትለው። ዲኤንኤው ግን አንድ ነው ይላል። የእጆቹ ብዛት የሚለያየው እንደሚኖርበት ውሃ ነው። አየህ ነገሩ፦ የተለያዩት አንድ መስለው ነበር፣ አንድ የሆነው ደግሞ የተለያየ ይመስል ነበር። ቅርፅ በሁለቱም በኩል ነው ያሳሳተው።

እንዴት ተጓዘ? መርከብ ጭነቷን ስታራግፍ ትቀላለች። የቀለለች መርከብ ባሕር ላይ ትናወጣለች። ስለዚህ ከወደቡ ውሃ ስባ በሆዷ ያሉትን ታንኮች ትሞላለች፤ ለሚዛን። ባላስት ውሃ የሚባለው ይህ ነው። ቀጣዩ ወደብ ደርሳ ልትጭን ስትል ውሃውን ትደፋዋለች። ከውሃው ጋር የገባው ሁሉ አብሮ ይደፋል።

ታንኩ ውስጥ ጨለማ ነው። ምግብ ያልቃል። ሙቀቱ ይለዋወጣል። ለአብዛኛው ጄሊፊሽ ይህ ሞት ነው። ለዶርኒይ ግን ረሃብና የሙቀት ለውጥ የመመለሻው ቁልፍ ናቸው። ሳህን ውስጥ የሶመር ጄሊፊሾች ያደረጉትን ታንኩ ውስጥ ሊያደርገው ይችላል፤ ይሰበሰባል፣ ጠብታ ይሆናል፣ ግድግዳው ላይ ሥር ይሰድዳል። ከዚያ ፖሊፕ ሆኖ ይጠብቃል። በሕክምና ዜና ላይ የምንደነቅበት ጠባይ የመንገድ ስንቁም ነው። ሚሊየታና ሌሲዮስ ያመለከቱት ይህንኑ ነው። ለመሳፈር እንደዚህ የተመቸ እንስሳ ለማግኘት ያስቸግራል።

ከታንኩ ሌላ የመርከቧ ሆድም አለ። አንድ ጊዜ ጅቡቲ፣ የወደቡ አካባቢ፣ ጀልባ የታሰረበት ገመድ ሲጎተት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ውሃው ውስጥ የነበረው ክንድ ተኩል ያህል የገመዱ ክፍል ቡናማ ፀጉር አውጥቷል። ሣር መስሎኝ ነካሁት። ያንሸራትታል። ጀልባ ጠባቂው በእጁ ምልክት "ተው" አለኝ፤ አንዳንዱ እንደ ሳማ ይለበልባል። አንዱን ክር ፀሐይ ላይ አንስቼ ሳየው ጫፉ ላይ ጥቃቅን ራሶች ነበሩበት። ሃይድሮይድ ነበር። እያንዳንዱ ገመድ፣ እያንዳንዱ ምሰሶ፣ እያንዳንዷ ለሳምንታት የቆመች መርከብ ይህን ፀጉር ታወጣለች። ስትነሳ ይዛው ትሄዳለች።

ኢትዮጵያ ባሕር ባይኖራትም ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የገቢና ወጪ ንግዷ በዚያ ወደብ ያልፋል። የምናስገባው ከምናስወጣው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ስንዴና ማዳበሪያ አራግፋ ባዶዋን የምትመለስ መርከብ የጅቡቲን ውሃ በታንኮቿ ሞልታ ነው የምትወጣው። የእኛ ሸቀጥ የሚሄድበት መንገድ የጄሊፊሾችም መንገድ ነው።

የባላስት ውሃን በተመለከተ ሕግ አለ። የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ስምምነት በ2004 ተፈረመ፣ በ2017 መስከረም 8 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። መጀመሪያ መርከቦች ውሃውን ጥልቅ ባሕር ላይ እንዲለውጡ ነበር የሚጠየቁት። ከ2024 መስከረም 8 ጀምሮ ግን ስምምነቱ የሚመለከታቸው መርከቦች ውሃውን አጣርተው ወይም አክመው መድፋት አለባቸው። በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ፣ 50 ማይክሮ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ በሕይወት ያሉ ፍጡራን ከአሥር ማነስ አለባቸው። ትልቅ እርምጃ ነው። በእኔ እይታ ግን አንድ በር ከፍቶ ትቷል። ስምምነቱ ታንኩን ያያል፣ የመርከቧን ሆድ አያይም። ሆዱ ላይ ለሚበቅለው ነገር ድርጅቱ በ2011 መመሪያ አውጥቷል፣ በ2023ም አሻሽሎታል፤ መመሪያው ግን በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። ሃይድሮይድ ደግሞ ሁለቱንም በር ያውቃል። ዋናተኛው በታንኩ፣ ተጣባቂው በሆዱ።

ወረራው "ዝምተኛ" ነው ሲባል ቀላል ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ጥቁር ባሕርን ማስታወስ ይበቃል። በ1980ዎቹ ኔሚዮፕሲስ የሚባል የማበጠሪያ ጄሊ ከአሜሪካ ጠረፍ በባላስት ውሃ ገባ። የዓሣ እንቁላልና የዓሣ ምግብ በልቶ የሰርዲን መሰሏን የአንቾቪ ዓሣ አጥማጆች ጉሮሮ ዘጋ። እስራኤል ያሉ አንባቢዎቼ ደግሞ በበጋ አሽዶድና አሽኬሎን ባሕር ዳርቻ የሚያቃጥላቸውን ትልቁን ጄሊፊሽ ያውቁታል። የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችን የውሃ መሳቢያ ሳይቀር ይደፍናል። ሮፒሌማ ኖማዲካ ይባላል፤ ዘላኑ ማለት ነው። በስዌዝ ቦይ እንደገባ ነው የሚታመነው። በእስራኤል ጠረፍ የታየው በ1977 ነው፤ በሳይንስ ስም ያገኘው ግን በ1990። አሥራ ሦስት ዓመት ያለ ስም ኖረ። በቅጡ የተሰየመውም በተወለደበት ባሕር ሳይሆን በተሰደደበት ነው። ስም ሁልጊዜ ከእንስሳው ኋላ ነው የሚደርሰው። ሥራችን ያን ርቀት ማሳጠር ነው።

ስሙን ማስተካከል ለሕክምና ምርምርም ይጠቅማል። በ2022 በስፔን የኦቪዬዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዶርኒይን ሙሉ ዘረ-መል አንብበው አወጡ። ዲኤንኤን የሚጠግኑና የሚገለብጡ ዘረ-መሎች በብዛት ተባዝተው አገኙ። ይህን ማለት የቻሉት ከማን ጋር አወዳድረው ነው? ከሩብራ ጋር። ሩብራ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ከተዋለደ በኋላ ግን ወደ ኋላ አይመለስም። ሁለቱ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። የዛሬ አርባ ዓመት ሁለቱም "ኑትሪኩላ" ተብለው አንድ ዕቃ ውስጥ ሊገቡ ይችሉ ነበር። ያኔ ይህን ጥያቄ መጠየቅ እንኳ አይቻልም።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለአክስቴ ልጅ ላክሁላት። ማታ መለሰችልኝ። "እሺ ገባኝ፤ ታዲያ ቪዲዮው ላይ ያለው የትኛው ነው? ዶርኒይ ነው ሩብራ?" ቪዲዮውን መልሼ ከፈትኩት። ቀይ ሆድ ይታያል፣ ብዙ እጆች ይታያሉ። መጠኑን የሚያሳይ ነገር አጠገቡ የለም። ቀን የለበትም። የቀረጸው ሰው ስም የለበትም። እጆቹን ልቆጥር ጀመርኩና ተውኩት።

"የት ነው የተቀረጸው?" ብዬ ጻፍኩላት።